መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ የላቦራቶሪ ውጤት፦ አናላይዘርን ከሶፍትዌር ጋር ስለማገናኘት

ቴክኖሎጂስት ዘቂሊንጦ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምሠራው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አንድ የኬሚስትሪ አናላይዘር (በደም ውስጥ ያሉ እንደ ግሉኮስ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚለካ ማሽን) እና አንድ የሲቢሲ ማሽን (የደም ሴሎችን የሚቆጥር) አለን። ኬሚስትሪው በጀርባው ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት (መረጃን ተራ በተራ የሚያስተላልፍ መሰኪያ) ያለው ሲሆን፣ ሲቢሲው በኔትወርክ ኬብል ይገናኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ውጤቱን ከማሽኑ ስክሪን እያነበብን በመዝገብ ላይ እንጽፍ ነበር፤ ከመዝገቡ ደግሞ ለሐኪሙ በሚላከው ወረቀት ላይ እንደገና ይገለበጣል። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ በእጅ ሲገለበጥ ነጥቡ ቦታውን የሚስትበት ወይም የአንዱ ታካሚ ውጤት በሌላው መስመር ላይ የሚወድቅበት ቀን መምጣቱ አይቀርምና፣ ሁለቱን ማሽኖች ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር እንዲሠራልን አደረግን።

ሶፍትዌሩ በደህናው ቀን በትክክል ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ዩ-ፒ-ኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) አቅሙ ውስን ስለሆነ የሚሸከመው አናላይዘሩን ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይዘጋል። መብራት ተመልሶ ኮምፒውተሩን ስንከፍት አንዳንድ ናሙናዎች በማሽኑ ማኅደር ውስጥ «ተልኳል» የሚል ምልክት ይዘው እናገኛቸዋለን፤ በኮምፒውተሩ በኩል ግን ከነጭራሹ የሉም። ማሽኑ ልኬያለሁ ይላል፣ ኮምፒውተሩ አልደረሰኝም ይላል። ታካሚው ውጤቱን ለመውሰድ በር ላይ እየጠበቀ ይህን መፈለግ እጅግ አሳሳቢ ነው። ችግሩ የኬብል ነው፣ የማሽን ነው ወይስ የሶፍትዌር? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የገላን ፕሮግራመር

የገለጹት ምልክት ግልጽ ነውና ኬብሉንም ማሽኑንም ከመጠርጠርዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፤ ሶፍትዌሩ «ደርሶኛል» የሚለውን ምላሽ ለማሽኑ የሚልከው መቼ ነው?

በሲሪያል መስመር የሚነጋገሩ የኬሚስትሪ አናላይዘሮች አብዛኞቹ ኤ-ኤስ-ቲ-ኤም ኢ-1381 እና ኢ-1394 የተባሉትን ደንቦች ይከተላሉ። የመጀመሪያው መልእክቱ በመስመሩ ላይ እንዴት እንደሚጓዝ ይደነግጋል፤ ሁለተኛው በመልእክቱ ውስጥ ያለው መዝገብ እንዴት እንደሚጻፍ ይወስናል። ማሽኑ የሚልከው ውጤት ሲኖረው አስቀድሞ ቁጥሩ 5 የሆነውን ባይት (አንድ ፊደል ወይም ምልክት የሚወክል ቁጥር) ይልካል፤ ይህ ለመናገር ፈቃድ መጠየቅ ነው። ኮምፒውተሩ ዝግጁ ከሆነ 6ን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ መልእክቱን በፍሬም (በትናንሽ ክፍል) እየከፋፈለ ይልካል፤ የአንድ ፍሬም ጽሑፍ ከ240 ፊደል አይበልጥም። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም ካጣራ በኋላ ትክክል ከሆነ 6ን፣ ከተበላሸ 21ን ይመልሳል። ማሽኑ 21 ሲደርሰው ያንኑ ፍሬም ይደግማል። ሁሉም ሲያልቅ ማሽኑ 4ን ልኮ መስመሩን ይለቃል።

እንግዲህ ያ 6 ቁጥር ቀላል ሰላምታ አይደለም። የመጨረሻው ፍሬም 6 ከተመለሰለት በኋላ ማሽኑ ውጤቱን «ተልኳል» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ውጤት የመጠበቅ ኃላፊነት የኮምፒውተሩ ነው። ሶፍትዌሩ 6ን የሚልከው ውጤቱን በዲስክ ላይ ከጻፈ በኋላ ከሆነ መብራት በየትኛውም ቅጽበት ቢጠፋ ምንም አይጠፋም፤ ወይ ውጤቱ በዲስክ ላይ አለ፣ ወይ ማሽኑ ምላሽ ስላላገኘ እንዳልተላከ ቆጥሮ ይዞታል። ሶፍትዌሩ አስቀድሞ 6ን ልኮ ውጤቱን መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ማህደረ ትውስታ ብቻ ከያዘው ግን፣ ከምላሹ እስከ መጻፉ ባለው ጊዜ ውስጥ ውጤቱ የትም ያልተመዘገበ ይሆናል። እርስዎ የሚያዩት ይህ ይመስለኛል። ውጤቱ በስክሪን ላይ ከታየ በኋላ እስኪመዘገብ ድረስ የሚጫኑት ቁልፍ አለ?

ቴክኖሎጂስት ዘቂሊንጦ

አዎን፣ አለ። ውጤቶቹ በስክሪኑ ላይ ይዘረዘራሉ፤ እኛ አይተን «መዝግብ» የሚለውን ስንጫን ነው ወደ ዳታቤዙ የሚገቡት። ሥራ ሲበዛ ብዙ ናሙናዎች እስኪጠራቀሙ ድረስ ሳንጫን እንቆያለን። ባለሙያው እንዲህ ያደረገው ሳናረጋግጥ ውጤት እንዳይወጣ አስቦ ነው።

የገላን ፕሮግራመር

እንግዲያው ምክንያቱ ተገኝቷል። የባለሙያው ሐሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ቁልፍ ታስረዋል። ውጤቱን መቀበልና ማስቀመጥ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው፤ ማንንም ሳይጠብቅ ወዲያው መከናወን አለበት። ውጤቱን አይቶ ለሐኪም እንዲወጣ መፍቀድ ደግሞ የቴክኖሎጂስቱ ሥልጣን ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሲደርስ «ያልተረጋገጠ» በሚል ሁኔታ ወደ ዳታቤዝ ይግባ፤ እርስዎ ሲፈቅዱ ሁኔታው ብቻ ይቀየር።

እኔ ከዚህም አንድ እርምጃ ወደፊት እሄዳለሁ። ከመስመሩ የመጣውን ባይት ምንም ሳልተረጉም፣ ሳልቆርጥና ሳላስተካክል በአንድ የሎግ ፋይል (የመጣውን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚይዝ ፋይል) ላይ እጽፋለሁ፤ ጽሑፉ በእርግጥ ዲስክ ላይ ማረፉን ሥርዓተ ክወናው ሲያረጋግጥልኝ ብቻ 6ን እልካለሁ። ማሽኑ ለአንድ ፍሬም ምላሽ 15 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ዲስክ ላይ መጻፍ የሚፈጀው ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ስለሆነ የጊዜ እጥረት የለም። ትርጉሙ ከሎጉ እየተነበበ ይሠራል። የትርጉም ፕሮግራሙ ስህተት ቢገኝበት እንኳ ጥሬው ሳይበላሽ ስለተቀመጠ ታርሞ እንደገና ማስኬድ ይቻላል፤ ታካሚ ተጠርቶ ደም እንደገና አይቀዳም።

ዳታቤዙ ኤስ-ኪው-ላይት (በፋይል የሚቀመጥ ቀላል ዳታቤዝ) ከሆነ አንድ ነገር ያሳስቡ። ለውጡን አስቀድሞ በሎግ ላይ በሚጽፍበት «ዋል» በሚባለው አሠራሩ ላይ የማመሳሰያ ደረጃው «ኖርማል» ከሆነ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ ምዝገባዎች ወደ ኋላ ሊመለሱ ይችላሉ። ዳታቤዙ አይበላሽም፤ ተመዝግቧል የተባለው ግን ላይኖር ይችላል። ደረጃውን «ፉል» ማድረግ ይህን ይዘጋል።

ባዮሜዲካል ሰበታ

የገላኑ ወንድማችን ያለው ትክክል ነው፤ ሆኖም የኤሌክትሪኩን ነገር ቸል ብላችሁ እንዳታልፉት። በእኛ ዳር ዳር አካባቢ አዲስ የተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ ሶኬቱ የመሬት ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋለት ብዙ ነው። ማሽኑ በዩ-ፒ-ኤስ በኩል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በቀጥታ ከግድግዳ ሲመገብ የሁለቱ የመሬት ደረጃ ይለያያል፤ ልዩነቱ የሚጓዘው ሁለቱን በሚያገናኘው የሲሪያል ኬብል ውስጥ ነው። መብራት ሲመለስ ፖርቱ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በመካከሉ በኦፕቲካል (በብርሃን) የተነጠለ መለወጫ ማስገባት ለማሽኑም ለኮምፒውተሩም ጥበቃ ነው።

ገና አዲስ ለሚያገናኝ ሰው ደግሞ ይህን ልጨምር። በአር-ኤስ-232 (በተለመደው የሲሪያል ደንብ) መስመር፣ በኮምፒውተሩ ባለ 9 ፒን ፖርት ላይ 2 ቁጥር መቀበያ፣ 3 ቁጥር መላኪያ፣ 5 ቁጥር መሬት ነው። የማሽኑ ፖርት ግን እንደ አምራቹ ይለያያልና ኬብሉ ቀጥታ ይሁን ወይስ 2 እና 3ን ያቀያየረ የሚለውን በግምት አትወስኑ። ማልቲሜትር አምጡ፤ ጥቁሩን ጫፍ በማሽኑ ፖርት 5 ቁጥር ላይ፣ ቀዩን በ2 ከዚያም በ3 ላይ አድርጉ። ማሽኑ በርቶ ምንም በማይልክበት ጊዜ መላኪያው ፒን ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ያሳያል፤ ደንቡ ከኔጋቲቭ 3 እስከ ኔጋቲቭ 15 ቮልት ነው። ያ ፒን ከኮምፒውተሩ 2 ቁጥር ጋር መገናኘት አለበት። ፍጥነቱ፣ የባይቱ ስፋት፣ ፓሪቲው (የስህተት መፈተሻ ቢቱ) እና የማቆሚያ ቢቱ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ 9600፣ 8፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ነው። በስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ከመጣ ኬብሉ ደህና ነው፣ የተሳሳተው ፍጥነቱ ወይም ፓሪቲው ነው። ምንም ካልመጣ ኬብሉን ፈትሹ።

ዛሬ ሲሪያል ፖርት ያለው ኮምፒውተር እንደልብ ስለማይገኝ ብዙ ሰው የዩ-ኤስ-ቢ መለወጫ ይገዛል። መለወጫውን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላችሁ በሌላው ስትሰኩት ዊንዶውስ የፖርቱን ቁጥር ሊቀይረው ይችላል፤ ኮም 3 የነበረው ኮም 5 ይሆንና ሶፍትዌሩ ማሽኑን ያጣዋል። የጽዳት ሠራተኛ እንዳይነቅለው ቀዳዳውን በፕላስተር አሽጉት።

ቴክኖሎጂስት ዘቂሊንጦ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሶፍትዌሩን ከሠራው ባለሙያ ጋር ተነጋግረን ምዝገባውን ከማረጋገጫው ለመለየት ተስማምቷል። ሲነግረኝ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር ሰማሁ። በእያንዳንዱ ፍሬም መጨረሻ ላይ ማሽኑ የሚልከው የማጣሪያ ድምር ፕሮግራሙ ከሚያሰላው ጋር ስላልተስማማለት ማጣሪያውን ጭራሽ አጥፍቶታል፤ የመጣውን ፍሬም ሁሉ በ6 ይቀበላል። ለምሳሌ በመልእክቱ መዝጊያ ላይ ያለችው አጭር ፍሬም 4፣ ኤል፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ 1፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ኤን ብላ ታልቃለች፤ ማሽኑ 07 ይላል፣ የእሱ ፕሮግራም 09 ይላል። ይህ የማሽኑ ጉድለት ሊሆን ይችላል?

የገላን ፕሮግራመር

ማሽኑ ትክክል ነው፤ አብረን እናስላው። የባይቶቹ ዋጋ በቅደም ተከተል 52፣ 76፣ 124፣ 49፣ 124፣ 78 ነው፤ ከዚያ የመስመር መመለሻው 13 እና የፍሬም መዝጊያው 3 ይጨመራሉ። ድምሩ 519 ነው። ለ256 ሲካፈል የሚተርፈው 7 ስለሆነ በሁለት ፊደል 07 ተብሎ ይላካል። የባለሙያው ፕሮግራም 09 ያገኘው በፍሬሙ መክፈቻ ላይ ያለውን ባይት ስለደመረው ነው፤ የዚያ ባይት ዋጋ 2 ነው፣ ልዩነቱም 2 ነው። ደንቡ መክፈቻውን አያካትትም፤ ድምሩ ከፍሬም ቁጥሩ ተነሥቶ መዝጊያውን ጨምሮ ያበቃል። አንድ መስመር ኮድ ይስተካከላል።

ማጣሪያውን ማጥፋት ግን በፍጹም መቀጠል የለበትም። በመስመር ላይ አንድ ቢት (ባይቱን ከሚሠሩት 0 እና 1ዎች አንዱ) ቢገለበጥ 1 የሚለው አሃዝ 3 ወይም 5 ወይም 9 ሊሆን ይችላል፤ የ112 ግሉኮስ 192 ሆኖ ቢመጣ ቁጥሩ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም። ከዚህ የሚጠብቀን ያ ባለ ሁለት ፊደል ድምር ነው።

አብሮ የሚታየው የፍሬም ቁጥሩ ነው። የእናንተ 6 በመንገድ ላይ ቢጠፋ ማሽኑ ያንኑ ፍሬም በዚያው ቁጥር ይደግመዋል። ሶፍትዌሩ ቁጥሩ አስቀድሞ ከደረሰው የመጨረሻ ፍሬም ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አይቶ ሁለተኛ ሳይመዘግብ 6ን ብቻ መመለስ አለበት። ይህ ካልተደረገ አንድ ውጤት ሁለት ጊዜ ይገባል።

የለገዳዲ መንገድ የውሃ ላብ

ከክሊኒክ ውጭ ያለሁ ነኝ፤ የምሠራው የውሃ ናሙና በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። በእኔ አስተያየት ነገሩን ከሚገባው በላይ እያወሳሰባችሁት ነው። እኛ ዘንድ ማሽኖቹ ውጤታቸውን በፋይል ያወጣሉ፤ በየቀኑ መጨረሻ በፍላሽ ወስደን ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን። ሚዛኑን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚጠይቀው፤ ካልመለሰ እንደገና ይጠይቃል። መብራት ቢጠፋ ተመልሶ መጠየቅ ነው፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ክሊኒኩ ለምን እንዲሁ አያደርግም?

የገላን ፕሮግራመር

ለእርስዎ ሥራ ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ልዩነቱን ግን ልብ ይበሉ። በሚዛን ጊዜ ተነሳሽነቱ የኮምፒውተሩ ነው፤ ዕቃው እዚያው ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ ጥያቄውን መድገም ምንም አያጎድልም። በክሊኒኩ ማሽኑ ነው በራሱ ጊዜ የሚናገረው፤ የተናገረውን ሁለተኛ እንዲናገር ሰው ሄዶ ካላዘዘው አይደግምም። በቀን መጨረሻ በፍላሽ ማምጣት ደግሞ ጠዋት ደም የሰጠን ታካሚ እስከ ማታ ማስጠበቅ ነው።

ሚዛን ካነሡ ዘንድ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የምትልኩት ትእዛዝ የትኛው ነው? በብዙ የሜትለር ቶሌዶ ሚዛኖች ላይ ኤስ የሚለው ትእዛዝ ክብደቱ እስኪረጋጋ ጠብቆ ይመልሳል፤ ኤስ-አይ ግን ቢረጋጋም ባይረጋጋም በዚያው ቅጽበት ያለውን ይሰጣል። በሁለተኛው ጊዜ በምላሹ ውስጥ ኤስ ወይም ዲ የሚል የሁኔታ ፊደል አለ፤ ዲ ከሆነ ቁጥሩ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ያን ፊደል ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ ቆርጦ የሚወስድ ፕሮግራም በየላቦራቶሪው አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

የለገዳዲ መንገድ የውሃ ላብ

የምንጠቀመው ኤስ-አይ ነው፤ ፊደሉን አናይም ነበርና ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። የማሽኑ ተነሳሽነት የሚለውም ገብቶኛል። በዚሁ አጋጣሚ በሞድባስ (የመለኪያ መሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ) የምናነባቸው የድፍርስነት መለኪያዎች ላይ ሌሎችን የሚጠቅም ነገር ላካፍል። ነጥብ ያለው ቁጥር የሚቀመጠው እያንዳንዳቸው 16 ቢት በሆኑ ሁለት መዝገቦች (የመሣሪያው የቁጥር ማስቀመጫዎች) ተከፍሎ ነው፤ የትኛው ክፍል እንደሚቀድም አምራቾች አልተስማሙም። ተገልብጦ ከተነበበ ለማመን የሚያስቸግር ትልቅ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ይወጣል። በመመሪያው ላይ 40001 የተባለው አድራሻ በመስመሩ ላይ የሚላከው ደግሞ 0 ተብሎ ነው።

መረጃ አስተዳዳሪ ሱሉልታ

ስለ ሲቢሲው ማንም አላነሣምና እኔ ልግባ። በኔትወርክ የሚገናኙት ብዙዎቹ ኤች-ኤል-7 የተባለውን የጤና መረጃ መለዋወጫ ደንብ ሁለተኛውን ትውልድ ይናገራሉ፤ መልእክቱ በባይት 11 ይከፈታል፣ በ28 እና በ13 ይዘጋል። «ኔትወርኩ ራሱ መድረሱን ያረጋግጣል» የሚሉ አሉ። ኔትወርኩ የሚያረጋግጠው ባይቱ እዚያኛው ኮምፒውተር መግባቱን ነው እንጂ ዳታቤዝ መግባቱን አይደለም፤ ኤ-ኤ የሚለውን የመቀበያ መልስ የሚልከው ሶፍትዌሩ ስለሆነ፣ ከላይ ስለ 6 የተባለው እንዳለ እዚህም ይሠራል። ለማሽኑም ለኮምፒውተሩም ቋሚ አይ-ፒ አድራሻ ስጡ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ቢያድል ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ከሁሉ በላይ እኛን የሚመለከተው ግን ቀንና ሰዓት ነው። ማሽኑ 20250911083000 ብሎ ሲልክ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡30 ማለቱ ነው። በዳታቤዙ ውስጥ እንደመጣው በጎርጎርዮሳዊው ይቀመጥ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው በስክሪንና በወረቀት ላይ ሲታይ ብቻ ይሁን። ማሽኑን በእኛ ሰዓት የሞሉ ላቦራቶሪዎች አይቻለሁ፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች በሌላው ሰዓት ሲሄዱ በሁለት ውጤቶች መካከል የ6 ሰዓት ክፍተት ይፈጠራል፤ ሐኪሙም የቱ እንደቀደመ አያውቅም። መለወጫውን የሚጽፈው ሰው ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን መሆኗን ይፈትን፤ 2015 እንዲያ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው።

የታካሚ ስም ወደ ማሽኑ አትላኩ። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩ-ቲ-ኤፍ-8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ደንብ 3 ባይት ይወስዳል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች የተሠሩት አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ብለው ስለሆነ ስሙ ተቆርጦ ወይም በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይመለሳል። የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታም ለእኛ አጠራር አይመችም፤ አንዱ የአባት ስም ሲሞላበት ሌላው የአያት ይሞላበታል። ማሽኑ የሚያስፈልገው የናሙና ቁጥር ብቻ ነው፤ በባርኮድ ቱቦው ላይ ይለጠፍ፣ ስሙ በዳታቤዙ ይቆይ።

መለኪያውንም ከቁጥሩ አትለዩት። ግሉኮስ በሚሊግራም በዴሲሊትር 90 የሆነው በሚሊሞል በሊትር 5 ነው። ማሽኑ የላከው መለኪያ ከተጠበቀው ከተለየ ሶፍትዌሩ ውጤቱን ይያዘው፤ በራሱ አይለውጠው።

ቴክኖሎጂስት ዘቂሊንጦ

ስለ ባርኮድ ካነሣችሁ የሚቀጥለውን ልጠይቅ። አሁን የእያንዳንዱን ናሙና ምርመራ በማሽኑ ላይ በእጃችን እንመርጣለን። ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ወደ ማሽኑ እንዲጽፍ ማድረግ እንፈልጋለን። ከማንበብ የተለየ አደጋ አለው?

ባዮሜዲካል ሰበታ

አለው። ስታነቡ ብትሳሳቱ ጥሬው መረጃ ተቀምጦላችኋል፤ ስትጽፉ ግን ማሽኑ እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ሬጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ይቀዳል፣ ናሙናው ያልቃል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጉት፤ ባርኮዱን አንብቦ በኪው መዝገብ (በጥያቄ መልእክት) «ለዚህ ናሙና ምን ታዟል?» ይላል፣ ኮምፒውተሩም በኦ መዝገብ (በትእዛዝ መልእክት) የታዘዙትን ብቻ ይመልሳል። ሁሉንም ትእዛዝ አስቀድሞ ወደ ማሽኑ ከማጎረፍ ይህ ይሻላል፤ ሐኪሙ ትእዛዙን ቢሰርዝ የተሰረዘው ማሽኑ ውስጥ አይቀርም። ኮምፒውተሩ የማያውቀው የናሙና ቁጥር ከመጣ «ትእዛዝ የለም» ይበል እንጂ በልማድ የሚሠሩትን ምርመራዎች በግምት አይላክ።

የገላን ፕሮግራመር

በመስመሩ በኩል የሚጨመረው ይህ ነው። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ 5ን ከላኩ ደንቡ ቅድሚያውን ለማሽኑ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ የራሱን አቁሞ መቀበል አለበት፤ እንደገና ለመላክም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይቆያል፤ ማሽኑ ግን ከ1 ሰከንድ በኋላ መሞከር ይችላል። ይህን ያላካተተ ፕሮግራም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሁለቱ እየተጠባበቁ እንዲደርቁ ያደርጋል።

ቴክኖሎጂስት ዘቂሊንጦ

ገብቶኛል። ባለሙያው ማጣሪያውን አስተካክሎ መልሶታል፤ ምዝገባውም ከማረጋገጫው ተለይቷል። በሳምንቱ መጨረሻ ታካሚ በማይኖርበት ሰዓት ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ የመፈተሻ ናሙና) ብቻ እያስኬድን የኮምፒውተሩን ገመድ ሆን ብለን እየነቀልን እንፈትነዋለን። የት የት ላይ እንንቀል?

የገላን ፕሮግራመር

መጀመሪያ በፍሬም መካከል፣ ቀጥሎ በሁለት ፍሬሞች መካከል፣ በመጨረሻም ከመጨረሻው 6 በኋላ 4 ሳይመጣ ንቀሉት። ይህ የመጨረሻው በእጅ ለመያዝ ስለሚያስቸግር ባለሙያው ለፈተናው ብቻ 6ን ከላከ በኋላ ፕሮግራሙ 10 ሰከንድ እንዲቆም ያድርግ። በየጊዜው የማሽኑን ማኅደርና የዳታቤዙን ዝርዝር ጎን ለጎን አትሙና በናሙና ቁጥር አስተያዩ፤ በአንዱ «ተልኳል» ተብሎ በሌላው የማይገኝ አንድም ናሙና ካለ የሎግ ፋይሉን ጥሬ መስመሮች እዚህ ለጥፉልን። የታካሚ ስም እንዳይኖርበት ግን አስቀድማችሁ እዩት።